እስከ ኒሟ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በጠመኔ አቧራ፣
ልጆች አስከትዬ ዓለምን አካለልኩ፤
ከአራተኛ ክፍል ጋር አማዞንን ቀዘፍኩ፣
ከሰባተኛ ጋር ሳይቤሪያ ከረምኩ።
ዛሬ እዚሁ ከዚራ፣ ከብረት በሬ ኋላ፣
ከቤቴ እስከ ደጄ መንገድ ተሳሳትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
አምና በግንቦት፣ አሸዋ ገበያ፣ ሎሚ እየመረጥኩ፣
ልቤ በድንገት፣ በስህተት እንደታሰረ ሰው፣
«ክፈቱልኝ!» እያለ ደረቴን ደበደበው።
ሰማዩ ወረደ። ጆሮዬ ጮኸብኝ።
ሎሚው ተበተነ፣ ሰዉም ከበበኝ፤
አንዱ ውሃ ረጨ፣
አንዷ ክብሪት ጭራ ጢሱን አሸተተችኝ።
ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ከሰው እግር መሀል፣
«ቲቸር እኮ ናት!» አለ።
ከሞት ይልቅ እሱ፣ እሱ አሳፈረኝ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አኑሮ፣
«ከእኔ ልብ ይሻላል» አለና ሣቀ።
ደስ እንዲለኝ ነበር።
እኔ ግን በሽታ ነው ብሎ ስም ቢሰጠው በወደድኩ፤
ስም ያለው ቦታ ካርታ ላይ ይገኛል፣
ስም የሌለው ግን በየት ይታለፋል?

ከዚያ ወዲያ ቤቴ አህጉር ሆነልኝ፤
ሳሎኔ ሜዳ፣ አልጋዬ ተራራ፣
ጥግ ላይ የሚያቃስት ቬንትሌተር ነፋሱ፣
ደፉ ድንበሩ ነው፤
ከደፉ ማዶ ባሕር፣ ዳርቻ የሌለው።

ለሰበብ መች ጠፍቶኝ! ድሬ ሰበብ ሞልቷት፤
ጠዋት «ፀሐይ ይብረድ»፣
ማታ «አሁንማ መሸ»፣
ደመና ከታየማ፣ «ደቻቱ ይሞላል»።
(ደቻቱም እንደኔው ነው፤ ዓመቱን አሸዋ ተከናንቦ ይተኛል፣
የወጣ ቀን ግን ሰው ያስለቅሳል።)
ሚፍታ ባጃጁን ደጄ አቁሞ ክላክስ ያደርጋል፣
«ልውሰድሽ፣ በነፃ!»
«ነገ» እለዋለሁ በበሩ ቀዳዳ።
የእኔ ነገ እኮ ዓመት አልፎታል።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣
በመስኮት ባይ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤
ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰዉ ሽርጡን አገልድሞ ተጋድሟል፣
ውሻው እንኳ ቱቦ ሥር ገብቷል።
ለካ ድሬ ሁሉ፣ በየቀኑ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል፣
ልክ እንደኔ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤
ከዚያም፣ ማንም ሳይደነቅበት፣ ተነሥቶ ይወጣል።

ጫማዬን አደረግሁ። አወለቅሁ። አደረግሁ።
መቀርቀሪያው እጄን ፈጀው፤ ብረት ነው፣ ፀሐይ ጠጥቷል።
ሠላሳ አንድ እርምጃ፣ እስከ ኒሟ ድረስ።
በዐሥራ አራተኛው ልቤ ተነሣና ደበደበ፤
«እሺ» አልኩት፣ እንደ ረባሽ ተማሪ፣
«ሰምቼሃለሁ፤ እጅህን አውርድና አብረኸኝ ሂድ።»
አልታዘዘኝም።
ግን ሄድን።
ኒሟን በመዳፌ ነካሁ፤ ሻካራ ናት።
እየሮጥሁ ተመለስኩ።
ይኸው ነው፤ ማንም አላጨበጨበም።

በማግስቱ እንደገና። በሦስተኛው ቀን ቀረሁ። በአራተኛውም።
በስምንተኛው፣ ኒሟ ሥር ሂንዲያ ነበረች፣
ሳምቡሳዋን በጨርቅ ሸፍና፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏት።
ልሸሽ ስል፣ «አንቺ ቲቸር!» አለች፤
ድሬ አንቱታ አታውቅም፤
«ጥላው ኪራይ የለውም፣ ተቀመጪ።»
የት ጠፋሽ አላለችም። ምን ሆንሽ አላለችም።
ካርቶን ቀድዳ አነጠፈችልኝ፣
ስለ ዘይት ዋጋ አማረረች፣ እኔም አብሬ አማረርኩ፤
ልቤ እየደበደበ፣ እየደበደበ፣
ሰሚ ሲያጣ ሰልችቶት ተቀመጠ።

ዛሬ የደቻቱ ድልድይ ከሩቁ ታየኝ።
አሸዋ ገበያ ገና ሌላ አህጉር ነው፤
ሎሚም የማስገዛው በሂንዲያ እጅ ነው።
ነገ?
እንጃ።
ቀትር ላይ ጫማዬን እጠይቃለሁ።