የቆጡና የብብቱ

መራዊ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከሦስተኛው ቦይ አፍ
አንዲት ሣጥን ሰቀልን፣ ውሃ ለክታ የምትጽፍ፤
በየሩብ ሰዓቱ አንዲት ቁጥር ብቻ፣
ስንት ሞላ ከመኻል፣ ስንት ከዳርቻ።
ሆዷ ውስጥ ያለው፣ የምታስታውስበት፣
ጥፍሬን የሚያህል ቺፕ ነው፤ ሌላ የላትም ቤት።

መብራቷን የምትጠባው ከይርሳው ወፍጮ ነው፤
መብራትም በኛ ሰፈር፣ «ኖር» ሳይሉት ገብቶ፣
«ደህና እደሩ» ሳይል ነው ውልቅ የሚለው።

በመጀመሪያው ወር ፋትን ነበር የጫንነው፣
ማንኛውም ላፕቶፕ ሳያንገራግር የሚያነበው።
ማውጫው ግን አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ ምዕራፍ፣
ሲፋቅ፣ ሲጻፍ፣ ሲፋቅ፣ ሲጻፍ።
ቺፑም ብራና አይደል? የፋቂን እጅ ይቆጥራል፤
መቶ ሺህ ጊዜ ቢችል፣ ከዚያ ወዲያ ይሳሳል።
ደግሞ አንዲት ፊደል ብቻ ላርም ብትል
አራት ሺህ ጎረቤት አብሮ ይፋቃል።
ድካሙ አይታወቅም፤ ድምፅ የለው፣ ቁስል የለው፤
እያሳሳቀ ነው፣ እንደ ውሃ የሚወስደው።

ጥር፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
ቀን የጠፋው መብራት መጣ፣ ወፍጮው ሲነሣ ተሰማ።
መስመሩ ጎበጠ። አሮጌው ማውጫ ተፍቋል፣
አዲሱ አልተጻፈም፤ ሣጥኗ በዚህ መኻል
ጭልም።
ጠዋት ስንከፍታት የሌሊቱ ብቻ አይደለም፣
የወሩ ሁሉ የለም።
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።
እንዳላማው «ተራው የኔ ነበር» ሲል፣
ውዴ አካፋዋን ተክላ «የኔ ነው» አለች።

አያ ምንይችል፣ የውሃ አባት፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ
ደብተር መዘዘ፣ ጥጉ ያለቀ፣ የአይጥ ቁራሽ የሚመስል።
ገለጠ። አነበበ። «እስከ ዶሮ ጩኸት የውዴ ነው።»
እንዳላማው አጉረመረመ፤ ግን ሄደ።
ይታይሽ ደብተሩን ከትከሻው በላይ አየችው፤
አንድ ሠረዝ በላይ፣ አዲስ ቃል በታች፤
«ለምን ላዩ ላይ አታርመውም?» አለች።
«ልፍቀው? በመኻሉ እርሳሴ ቢሰበርስ?
የታቹን ጽፌ ስጨርስ ነው፣ የላዩን የምሠርዝ።»

ማታ፣ በመስኖ ቢሮው፣ በሻማ፣ ተከራከርን።
ስፒፍስ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ይበላል፤
ሆዱ ሲሞላ ግን እንደ ጠገበ በሬ ይለግማል፤
አቃፊ አያውቅም፤ የሠሩትም ትተውታል።
«ሊትል ኤፍኤስ ይሁን» አለች ይታይሽ፣
«ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ነው ጣቱን የሚያዞር፤
ድካሙንም ለሁሉም ሰፈር ያካፍላል።»
«ማስታወሻ ይጠጣል» አልኳት። «ይጠጣ።»
እኔ ደግሞ ምንም አልፈልግም ነበር፤
ፋይል የለ፣ ስም የለ፤ ቁጥሩን በተራ መደርደር፣
ሲሞላ ዞሮ ከመጀመሪያው መጀመር።
ለአንዲት ቁጥር ይህ ሁሉ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!
«የተራው ስም ዝርዝርስ? የበሩ ልክስ? ነገ
ሁለተኛ ፋይል ሲያምርህ ጎተራውን ልታፈርስ?»
ዝም አልኩ። ሻማው ወደ ማለቁ ነበር።

በማግሥቱ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣
እሷ በጠጠር ትቆጥራለች።
ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋ።
ቺፑን ረገምኩ፣ ወፍጮውን፣ ይርሳውን ረገምኩ፤
ይታይሽ ኮዱን ወደ እኔ አዞረችው፦
ፋይሉን ከፍቼ፣ መዝጋቱን ረስቼው።
በሩን ሳይዘጋ ሌባ የሚሳደብ፣ እኔ ነኝ።
ዘግቼ እንደ አዲስ ጀመርን። ሁለት መቶ ጠጠር ሞላ።

በየካቲት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አያ ምንይችል መጣ።
ደብተሩን ከስክሪኑ ጎን ዘረጋ፣
ጣቱን በመስመር በመስመር አወረደ፣
ቆመ።
«ይህችን አልጻፋችኋትም።»
«ወፍጮው ሲነሣ ነው፤ አልጨረስናትም ነበር።»
«የፊቷስ?»
«የፊቷ አለች።»
አሰበ። ደብተሩን አልተወም፤
ወደ ኮቱ ኪስ መለሰው፣ እርሳሱንም።
ከማዶ የይርሳው ወፍጮ አጓራ፤
ሦስታችንም ዞረን
ትንሿን አረንጓዴ መብራት አየን።