ቀሪ ስምንት ብር

የአባቴ ደብተር በጓሳ ገመድ ታስሮ፣
ከቆርቆሮ ሣጥን፣ ከግብር ደረሰኝ ሥር፣ ኖሮ ኖሮ
ዘንድሮ ተፈታ። መሐል ሜዳን ጉም ውጧት፣
መብራት ሄዶ መጥቶ፣ በሦስተኛው ሌሊት፣

ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ በእርሳስ፣ በዚያ በጎባጣ ፊደሉ፦
«ሰኔ ፱ ቀን ፶፰። አንድ ባና ለፈረንጁ። ጥቁር፣ ዳሩ ነጭ።
የሠራው ወልደሐና። ዋጋው ሠላሳ ሁለት።
የተቀበልሁት ሃያ አራት።
ቀሪ ስምንት ብር።»

ስምንት ብር!
ሁለት ቤት ለቅሶ ያልተደራረሰው ለዚህች ነው።
አባቴ ገበያ ሲወጣ በላይኛው መንገድ የዞረው፣
«በላት» ተብሎ፣
እስኪሞት።

ባሕር ማዶ ካለ ሙዚየም፣ ለሁሉ ከተከፈተ መዝገብ
አንድ ባና አገኘሁ፤ ጥቁር፣ ዳሩ ነጭ፣ ብል ያልነካው።
«ቦታ፦ ሸዋ። ሠሪ፦ ያልታወቀ።»
ያልታወቀ?
እዚህ ብርድ ያየ ሁሉ ያውቀዋል!

ማገናኘት ጀመርሁ። ማሽኑ ሦስት ቃል ይሻል፣
ግሡን መሐል ይሰነቅራል፣ እንደ እንግዳ ሰው አማርኛ፦
ባናው — ተሠራ — በወልደሐና።
ወልደሐና በሐመሩ ሐ፣ ወልደሃና በሃሌታው፣
በደረሰኙ ላይ ደግሞ ወ/ሐና፤
ለማሽኑ ሦስት ሰው፣
ለእኛ አንድ፣ ቀኝ እግሩን የሚያነክስ።
«ያው ነው» ብዬ ጻፍሁ። «ያው ነው»። «ያው ነው»።
ለሦስቱም አንድ ቁጥር ሰጠሁ፣ እንደ ክርስትና ስም።

ታላቅ ወንድሜ አስቻለው ተቆጣ፦
«የአባትሽን ዕዳ ለዓለም ልታሰጪው ነው? ገመናችንን?»
እጄ ቆመ። ገጹን ዘጋሁ።
ባናውን ግን እንደተያያዘ ተውሁት።

በባናው ቁጥር ተስቦ፣ ከሰጪው የጉዞ ማስታወሻ
አንድ ቅጠል መጣ፦
«ስምንት ብር ሳልከፍል ቀረሁ። ዝናቡ አስፈራርቶት ሹፌሩ ቸኮለ።
ደላላው ታማኝ ሰው ነበር።»

ደላላው። ስም የለውም።
እሱም ያልታወቀ።

ደላላው — ያው ነው — አውላቸው ድንቁ፣
ብዬ ጽፌ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ፣
ገጹን መልሼ ከፈትሁት።

ለወልደሐና ልጅ፣ ለየሺመቤት፣ ገበያ መሐል በስልክ አሳየኋት።
የባናውን ዳር በጣቷ ተከተለች፣ እስክትጠፋ አሰፋችው፣
«ማጉ እዚህ ጋ ይዘላል» አለች። «የአባዬ እጅ ነው።»
ቆየች። ቆየችና፦
«ስምንቱን ብር ታዲያ ማን ይከፍላል?»

መልስ የለኝም።
መዝገቡ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦
ባናው — ቀሪ አለበት — ስምንት ብር።