ቁልፍ፦ ደመላሽ

የትሪዬስቴ ወደብ፣ መጋዘን አሥራ ዘጠኝ፣
የሚሰረቅ ሳይኖር ጠባቂ አርገው ቀጠሩኝ።
ጥጥ ይራገፍበት ነበር አሉ፣ ድሮ፤
ዛሬ እርግብ ብቻ ነው፣ ጣሪያው ተሰርስሮ።

አንድ የየካቲት ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
ኔቨንካ ዠርያል መጣች፣ ሳክስፎኗን እንደ ሕፃን አዝላ።
ከኋላዋ ሊቪዮ፣ የከበሮው ሰው፣
ግማሽ ከበሮ፣ ግማሽ የመርከብ ሰንሰለት፣
አንድ የብረት በርሜል፣ ሁለት የድስት ክዳን።
"ፈቃድ አለን" አለች። ወረቀቱን በባትሪ አየሁት።
ማኅተሙ የዓሣ መሸጫ ነው፤ የአክስቷ።
ሳቅሁ። ከፈትሁላቸው።

ያን ሌሊት ቦራ ተነሥቶ ነበር።
ቦራን ለማያውቅ፦
ከተራራ ወርዶ ባሕሩን ወደ ኋላ የሚገፋ፣
ሰው አንሥቶ የሚጥል ነፋስ ነው።
ማዘጋጃ ቤቱ በየማዕዘኑ ገመድ ይወጥርለታል፣
አሮጊት ከሽማግሌ ያን ይዞ ይሻገራል፤
ባርኔጣ የጠፋው ሰው በማግሥቱ
ከወደቡ ዳር ይለቅማል፣
የራሱን ካጣ የሌላ ሰው።

"ሌላ ቀን ይሁን" አለ መቅረጫውን የያዘው ልጅ፣
ማይክራፎኑን በካልሲ እየጠቀለለ።
እሷ ግን ትልቁን በር ወለል አደረገችው።
"ይግባ፤ ሦስተኛ ሰው ጎድሎን ነበር።"

ከዚያ ነፋች።
ምን ልበላችሁ?
እኔ የድጓ ቤት ልጅ ነኝ፣ ጆሮዬ ተቆንጥጦ ያደገ፤
ግዕዝ ነው? አልሁ፤ አይደለም። ዕዝል? አይደለም።
አራራይ እንዳልለው አንጀት አይበላም፣
አንጀት ይቆጥራል እንጂ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ጠማማ፣ ቀጥ።
ዘይት ያላየ በር ሲከፈት፣
ድመት ከቆርቆሮ ስትጣላ፣
አንዲት ሴት ስም ልትጠራ አፏን ከፍታ
ስሙ ሲጠፋባት።
ሊቪዮ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ ይተወዋል፤
ሲተወው ይብሳል።
ነፋሱ በተሰበረው መስኮት ይመልስላታል፣
ትቆጣዋለች፣ ይሰድባታል፣
አንድ አጥር እንደሚለያቸው ጎረቤቶች።

"አሁን ይሄ ዜማ ነው?" የሚል ሰው በውስጤ አለ፣
በጎ ሰው ነው፣ አጎቴን ይመስላል።
እሱን ይዤ ሮንድ ልዞር ብድግ አልሁ፤
በጨለማው፣
አሥራ አንድ ቁልፍ ያንጠለጠለው ቀለበት
ከጣቴ ሾልኮ
ከሲሚንቶው ላይ

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝምታ አልረሳውም።
ቦራ እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ።
ካፖርቴ ውስጥ ልሰወር ስል
ኔቨንካ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣
የወደቀውን ድምፅ አነሣችው፤
ጎንበስ ብላ በሳክስፎኗ አፍ
ቁልፍ በቁልፍ፣
አሥራ አንዱንም፣
እየለቀመች።

በጥቅምት የመጀመሪያ ሸክላዋ ወጣ።
ሦስት መቶ ቅጂ፣ ግራጫ ካርቶን፣
መካከሉ ላይ ያ የዓሣ ማኅተም።
አንድ ጋዜጣ "ወደቡ ጥርሱን ሲያፋጭ" ብሎ ጻፈ፤
ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።
ሁለት መቶ አሥሩ አልጋዋ ሥር ነው።
አንዱን ለእኔ አመጣችልኝ፣ ጀርባውን ገልብጣ፦

ሳክስፎን፦ ኔቨንካ ዠርያል
በርሜልና ሰንሰለት፦ ሊቪዮ ኮሱታ
ነፋስ፦ ቦራ
ቁልፍ፦ ደማላሲ

ደም መልስ ብሎ አባቴ ስም ያወጣልኝ፣
ጣልያን አገር መጥቼ ቁልፍ ጣልሁ፤
እነሱም ስሜን አጣመው መለሱልኝ፣
ተቻቻልን።

አለቃዬ ግን ማንበብ ያውቃል።
ሰኞ ጠዋት ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አየሁት፣
ምንም አላለም፣ መዳፉን ዘረጋ።
አሥራ አንዱን ቆጥሬ አስረከብሁ።

ዛሬ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ ሌሊት።
እሑድ እሑድ መርፌውን ከሁለተኛው ገጽ ላይ አሳርፋለሁ፤
ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል፣
(ሊቪዮ ቢሰማው ይቀጥረው ነበር)።
አሥራ አራተኛው ደቂቃ ሲቃረብ
ትንፋሼን እይዛለሁ።
ይወድቃል።
እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ይገባል፤
የአውቶቡስ ቲኬት፣ ጥቂት ዱቄት፣ የቤቴ ቁልፍ።
አንድ ቁልፍ ብቻውን አይጮኽም።