ጥርጊያ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
አፈሩን ልጠይቅ ጎንበስ አልኩኝና
በጣቴ ቆነጠርኩ።
ከተጣበቀብኝ፣ ዶማ አይነካውም፤
ቡን ካለም እንደ ዱቄት፣ ምንም አይዘውም።
መዳፌ ውስጥ ሆኖ እንደ በሶ ጭብጦ
ሳይፈርስ፣ ሳይለጠፍ ሲቀር ተቀምጦ፣
ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ።
ሌላ ሰዓት የለኝ፤ የእጄማ ቆሟል፣
ከአምና ሰኔ ጀምሮ ውሃ ገብቶት ታሟል።

ከአንገረብ ወዲያ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ፣
ስድስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ የሚሮጥ፣
ይህ ነው የእኔ ማሳ።
የማርመው ጠጠር፣ የማጭደው ዱካ፣
ጎተራ የማያውቅ፣ በቁና የማይለካ።

ማረሻዬ ደግሞ የሽቦ አልጋ ነው፣
ከአዘዞ፣ ከወታደር ሰፈር ያገኘሁት፤
አራት መቶ አሉኝ፣ በሦስት መቶ ወሰድኩት።
ድንጋይ ጭኜበት፣ በገመድ አስሬ
እሱን ስጎትተው፣ መሬት ሲያንቋቋ፣
ጅብ እንኳ ቆም ይላል፣ ይህን አዲስ ቋንቋ
ሊረዳ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይመጣሉ ልጆቹ።
አትጠገብ ከፊት፣ የቀሓ ሰፈር ልጅ፣
ጫማዋ የተሰፋ በወንድሟ እጅ።
ስትረግጥ አይሰማም፤ ዱካዋ ግን ይቀራል
እንደ ስፌት፣ ተርታውን።
«አገር አቋራጭ» ይለዋል አሠልጣኙ።
አገር የሚቋረጠው ግን በጣት በጣት ነው፣
በአንድ ጠጠር፣ በአንድ ሥር።
ባንዲት ጠጠር ብቻ ቁርጭምጭሚት ሲዞር አይቻለሁ።
የማን እንደ ነበር አልናገርም።
ግራ እግሬ ያውቀዋል።

ጠላት አለኝ ደግሞ።
ባጃጅ ሲገባበት፣ በሬ ሲነዳበት፣
ሰርገኛ ጠጥቶ ሲጨፍርበት፣
ይሁን። ከሁሉ ግን ያንገበገቡኝ
ሐምሌን በጭቃ ያቦኩብኝ
እንጨት ተሸካሚዎቹ ናቸው።
«ጠርዙን ያዙ!» ብዬ ጮህኩ።
«መንገድ ነው እንጂ ምንጣፍ አይደል፣ አያ አዛናው!»
አለች ውድነሽ፣ ከሸክሟ ሥር ጎብጣ።
«እናቴም እንጨት ያወረደችው በዚሁ ነው፣
ያንተ ሯጮች ሳይፈጠሩ።»
ምን ልበል? ድንጋይ ደረደርኩ፤ ለሁለት ከፈልኩት፤
ቀኙ ለሯጭ፣ ግራው ለሸክም።
አልሰሙኝም።
ሸክም ቀኝና ግራ አያውቅም።

ግንቦት ላይ በረዶ ጣለ፣ ባቄላ የሚያህል፣
ጎንደር ነጭ ለበሰች ለአንድ ሰዓት ያህል።
ያን ነጭ ልጠርግ ወጥቼ ሳንባዬን ብርድ መታኝ።
አሥራ ስምንት ቀን ተኛሁ።
ጣራውን እያየሁ ቦዩን ቆጠርኩ፣
በረዶው ቀልጦ የሸረሸረውን፣
ማንም ሳይደፍነው የሰፋውን።
ሚስቴ ሾርባ ስታቀርብ
«ከሦስተኛው ኩርባ በታች ተገምሷል» አልኳት።
ትኩሳት መስሏት ግንባሬን ነካች።

በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት ዶማዬን ተመርኩዤ ወጣሁ።
ባትሪዬን አበራሁ።
መንገዱ ተጠርጓል።
ለጥ ያለ፣ የለሰለሰ፣ ስንጥቁ የሞላ፣
ቀጭን ቀጭን መስመር፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣
ማበጠሪያ ያለፈበት ፀጉር።
ማን ነው? አልጋዬ ጓሮ ነው፣ ዶሮ ወጥታበታለች።
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪነጋ ጠበቅሁ።

ሲነጋ ውድነሽ ወረደች፣ ሦስት ሴቶች አስከትላ።
ግንዱ ከጀርባቸው፣ ቅጠሉ ከምድር፣
እስሩ ሲጎተት ሸሸሸ እያለ
በእግር ያቦኩትን በቅጠል ይለስናል።

ስንት ዓመቱ ነው ይህ?
ስንት ዓመት ጀርባዬን አዙሬ፣
ፊት ለፊት የመጣውን ሸክም ብቻ እያየሁ፣
ያለፈበትን ሳላይ?

«እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነበረብኝ።
አፌ አልታዘዘም።
«ቀኙን ነው የያዝሽው» አልኳት።
ሳቀች፤ ወይም ሸክሙ አስተነፈሳት፣ አልለየሁም።
አትጠገብ ደርሳ ጥግ ያዘች፣ እስሮቹን አሳለፈች፣
ከዚያ በቅጠሉ መስመር ላይ ስፌቷን ቀጠለች።

ዛሬም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ።
አፈሩ በሶ ሲሆን፣ አንዳንዴ፣
አልጋውን ለዶሮዋ ትቼ
የባሕር ዛፍ ቅጠል አስሬ እጎትታለሁ።
ይቀላል። ድምፅም የለው።
ጅቡ ግን ግራ ገብቶታል።