ወገኗ ይበቃል

ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ሰድበሪ። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣
አውቶቡሴን ጋራዥ አስገብቼ ብቅ ስል በጓሮው፣
አንሶላው ተሰቅሏል፣
ከፊቱ መብራቱ ሐምራዊ ይበራል።

ኢርያ ኮስኬላ፣ የቤቴ አከራይ፣
ብርድ ልብስ ደርባ፣ ከሚታጠፈው ወንበሯ ላይ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች፣
አሁን ግን ከእጇ ወዲያ ያለውን በሰው አፍ የምታይ ሆነች።

«መጣህ? ና፣ ቁም። ምን አርፏል? ንገረኝ።
አታሳምርልኝ፤
እንዳየኸው አድርገህ፣ እንደ ምስክር ቃል ስጠኝ።»

«አንዲት ትንሽ አለች፣ ቡናማ።»
«ቡናማማ
ጫማዬም ቡናማ ነው!
መጀመሪያ ክንፏን፤ እንዴት ነው ያኖረችው?»

ጎንበስ አልኩ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አየሁ።
«ዘርግታዋለች፤ ከጨርቁ ጋር ለጥ ያለ፣
እንደ ጣራ ያልተከደነ፣ ወደ ላይም ያልታጠፈ።»
«የፊቱስ?» «ጠባብ ነው፤ ረዝሞ ወደ ጎን ያለፈ።»
«የኋላውስ?»
«አጭር፤ ከፊተኛው ሥር ግማሹ የተደበቀ፣
እንደ ታናሽ ወንድም፣ ከታላቁ ካፖርት ሥር የተወሸቀ።»
«ካፖርቱን ተወው።»
ተውኩት።

«አንቴናዋ ላባ ነው፣ ወይስ ክር?»
«ክር።»
«ከጫፍ እስከ ሥር?»
«ከጫፍ እስከ ሥር።»
«መጠኗስ?» «ከአውራ ጣቴ ጥፍር
ብትተርፍ በጥቂት ነው።»

«አሁን ከክንፏ መሐል ፈልግ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።
ፈለግሁ። ነበረች።
በግራም በቀኝም፣ አንድ አንድ ጥቁር ነቁጥ፣
ጸሐፊ ሊጀምር ብሎ፣ ሐሳቡን ለውጦ፣
ብዕሩን ያነሣባት ቦታ ይመስል።
(ይህችን አልነገርኳትም። ለራሴ አስቀረኋት።)
ከነቁጧ ወዲህና ወዲያ ቀጫጭን መስመሮች፣
እየተጥመዘመዙ ከጠርዝ ጠርዝ የሚያቋርጡ፤
የክንፏ ዘርፍ አንዴ ጠቆር፣ አንዴ ነጣ።
ሁሉን ቆጠርኩላት፣ ሒሳብ እንደሚያስረክብ ገንዘብ ያዥ።

ዝም አለች። ከማቅለጫው ማዶ
የኒኬል ባቡር ረጅም ጮኸ፣ አለፈ።

«ዩፒቴሺያ» አለች፣
ደጅ አምሽቶ የቀረ ልጅ የምትጠራ ይመስል።
«ከመሬት ለኪዎቹ ቤት ናት። ትል ሳለች
ከመሐል ገላዋ እግር ስለሌላት፣
ጎብጣ፣ ተዘርግታ፣ በስንዝር ነው የምትሄድ።»

«የትኛዋ ዩፒቴሺያ?»
ሳቀች፣ ሳል እስኪይዛት።
«እሱንማ ዐይኔ ደህና ሳለም አላውቅም።
ከመቶ በላይ ናቸው፤ በመልክ አይለዩም።
ቁርጥ ስሟን ከፈለግህ፣ ትገድላታለህ፤
ሆዷን በመርፌ ከፍተህ፣ በማይክሮስኮፕ ታያለህ።
ስንቷን ከፈትኩ መሰለህ! መሳቢያ ሙሉ አሉ፣ ስማቸው በቀይ ቀለም።
አንዷም ግን አትበርም።»

ደብተሩን አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ጓሮውን፣ የአየሩን ሙቀት፣
ወገን፦ ዩፒቴሺያ። እጄ ቆመ፣ ከ«ዝርያ» ፊት ለፊት።
«ባዶ ተወው» አለች። «ወገኗ ይበቃል።
አንተስ ሁለት ዓመት እታች ቤት ስትኖር፣ ማን ከዚያ በላይ ያውቅሃል?»

ከዚያ፣ ብርድ ልብሷን እየሰበሰበች፣
«በእናንተ ቋንቋስ ማን ትባላለች?»
«የእሳት እራት።»
«ምን ማለት?»
«እሳት የሚበላት። ማታ ማታ የሚቀርብለት።»

ቀና አለች። እጇ ሽቦውን እየዳበሰ
ከማብሪያው ደረሰ።
«እንግዲያው» አለች፣ «የእኔ እሳት
ዛሬ ጦሙን ይደር።»

ጠፋ።
አንሶላው እንኳ ቀስ በቀስ ከነነቁጧ ተዋጠ፤
ጆሮዬ አጠገብ አንድ ነገር፣ ድምፅ የማይባል ድምፅ፣ ሽው አለ።
እዚያው ቆየን፣ እሷ ተቀምጣ፣ እኔ ቆሜ፣
እኩል ሳናይ።