ድልድይ ማንሳት

በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
አመዳዩ ሣር ላይ ጨው መስሎ ሲነጣ፣
ጣቴን እፍ እያልኩኝ፣ ካሜራዬን ይዤ፣
ካሮጌው ድልድይ ፊት፣ በብርድ ደንዝዤ
ቆሜያለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ሊያትም
አሥራ ሦስት ፎቶ አዞኛል በቀደም፤
መስከረም ለአደባባይ፣ ጥቅምት ለፋብሪካ፣
ለአሮጌው ድልድይ የደረሰው ለካ
ጳጉሜን ነው። አምስት ቀን።
ስድስት ይሆንለታል በአራት ዓመት አንዴ፤
ይህም ሹመት ሆኖ፣ ይህም ክብር እንዴ!

ባዶውን ነው የምሻው፤ ድንጋዩን ብቻውን፣
ሦስቱን ቅስት፣ ውኃውን፣ ጥላውን።
ዓይኔን ሳስጠጋ ግን የሌሊቱ ፈረቃ
ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ ወጣ፣ ሥራው ሲያበቃ፤
የሱፍ ብናኝ ጠጉራቸው ላይ፣ ሦስት ሴቶች ተቃቅፈው፣
አንዱን ጃኬት ለሦስት ደርበው።
ጠበቅኋቸው። አለፉ።
ኩበት የጫነች አህያ መጣች፤ ጠበቅኋት፤
መሐሉ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ምን እንደታያት እንጃላት።
ከኋላዋ ባጃጅ፣ የገብስ ኬሻ ጭኖ እስከ አፉ ጢም፤
ድልድይ፣ ለካ፣ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»
አሉኝ አንድ አዛውንት፣
ከጋቢያቸው ውስጥ አፍንጫቸው ብቻ የወጣ።
«ድልድዩን ላነሳው።»
ዝም አሉ። ከዘራቸውን ጠጠሩ ላይ ተከሉ።
«እሺ፤ የት ታደርሰው?» አሉ።

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።
«ባለፈው ቅዳሜ ሜትር የያዙ ልጆች መጡ፤
‹እናነሳዋለን› አሉኝ፣ ልክ እንዳንተ፣
እግሩን ለኩት፤ ቀይ ቀለም ቀቡት፤
መንገዱ ሊሰፋ፣ ሌላ ሊተከል በቦታው።
አንድ ድልድይ ስንት ጊዜ ይነሳል፣ እስቲ ንገረኝ ጌታው?»

ምን ልበላቸው?
አቧራ ይነሳል፤ ነፋስም ይነሳል፤
እንግዳ ይነሳል፣ በልቶ ሲያበቃ፤
የቆየ ቂምም ይነሳል፣ በጨዋታ መሐል፤
የሞተም ይነሳል፣ ይላሉ፣ አንድ ቀን።
እኔ የማውቀው አንዱን ማንሳት ነው፤
ቀጭ የሚለውን።

ስማቸው ወንድይፍራው ነው። ጋሽ ወንድይፍራው
ክንዴን ይዘው ወረዱ፣ በሸርተቴው፣ በጭቃው።
«ሰው ሁሉ ጀርባውን ነው የሚያነሳለት፤
ሆዱን ማን አየለት?»
ከቅስቱ ሥር ገባን። ጨለማው ሸተተኝ፤
እርጥብ ኖራ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ ያረጀ ጭስ።
በከዘራቸው ጫፍ ወደ ላይ አሳዩኝ፦
«ያቺን እያት፤ ከግራ ሰባተኛዋን።
ተጣማ ገባች። አባቴ ነው ያስገባት፤
‹ክረምት አታልፍም› ብሎ አለቃው
የሳምንት ደሞዙን ቆረጠበት።
አባቴም እስኪሞት ድረስ፣ በሬሳ በሞላ ቁጥር፣
ሌሊት ይነሳ ነበር፤ መጥቶ ሊያያት።
ስንት ክረምት ሆነ? እኔ መቁጠር ትቻለሁ።
ይኸው አለች።»

ብርሃን አልነበረም። ትንፋሼን ዋጥኩና
ካሜራውን ከፍቼ እስከ አሥር ቆጠርኩና፣
ቅስቱን ትቼ፣ ውኃውን ትቼ፣
አንዲቷን ጠማማ አነሳሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ መለሰው፦ «ድልድይ አይመስልም።»
እውነታቸውን ነው። ጥርስ ይመስላል።
በጳጉሜን ገጽ ላይ አዲስ የመብራት ምሰሶ ታተመ።
የእኔን ከሱቄ መስኮት ሰቀልኩት፣
ከሙሽሮችና ከተመራቂዎች መሐል፤
ያየው ሁሉ ቆሞ «የማን ነው?» ይላል።

አንድ ቀን ጋሽ ወንድይፍራው መጡ፣ ጃንጥላ ሳይዙ።
ላብ ያጠቀረውን መስታወት
በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።
ብዙ ቆዩ።
«አነሳኸው?»
«አነሳሁት።»
«ከበደህ?»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀኑ ጳጉሜን ሁለት።
መልሴን ሳይጠብቁ
ወደ ወንዙ ወረዱ።