የቀረው ግማሽ

ኅዳር እኩሌታ፣ አጎቴ አንማው
የማዳበሪያ ዕዳ ሊከፍል ማርቆስ መጥቶ፣
የማኅበሩ ጸሐፊ የለም፣ "ነገ ና" ሲሉት፣ መሽቶ፣
የአማኑኤል መኪና ሁሉ ሄዶ አልቆ፣
"ሲኒማ ልጋብዝህ" አልሁት።
ቆቡን አወለቀ፤ ራሱን አከከ፤
"እኔ ፊልም ያየሁት አንድ ቀን ነው" አለኝ፣
"በደርግ ጊዜ፣ አይፋ መኪና ጎን ላይ አንሶላ ወጥረው።
ትራክተር ነበረ። ሲያርስ አመሸ።
መጨረሻውን አላየንም፤ ናፍጣ አለቀ።"

አዳራሹ ከገበያው ኋላ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣
ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ስክሪኑ ዘንድሮ የመጣ።
ትኬት ቆራጯ ሙሉሸዋ ዱላውን በር ላይ አስቀረችበት፤
ባለፈው አንድ ሰው ደንግጦ
ዓሣ ነባሪ ሊመታ ተነሥቶ ነበር አሉ።

መብራት ጠፋ፤ ጥፋቱ ተጀመረ።

ባሕሩ ተነሣ፣ እንደ ጮቄ ቆመ፣
ፎቁን ሣር አረገው፣ ድልድዩን ለቀመ፤
መርከብ አስፋልት ላይ እንደ ቆቅ ሮጠ፣
ሕዝቡ እንደ ገለባ ታፍሶ ሰመጠ።

ስንት ሚሊዮን፣ ምን ሚሊዮን፣ ቢሊዮን
ወጥቶበታል ይላሉ፣ ለዚያች ማዕበል ብቻ፣
ስልኳን ይዛ የምትሮጥ አንዲት ሴት ለማርጠብ።

"ምን ይላል ባለመነጽሩ?"
"የአየሩ ጠባይ ተለውጧል ነው የሚለው፤
ሃያ ዓመት ለፈለፍሁ፣ ሹማምንቱ አልሰሙኝም።"
"የኛ ልማት ሠራተኛ ነዋ!" ከኋላችን ሳቁ።
"ይኸኛው ደሞዙ ደህና ነው፤ ካፖርቱን እየው።"

ቀጥሎ በረዶ። ከተማው በቆመበት ደረቀ፣
እጁን ለሰላምታ እንደ ዘረጋ።
አጎቴ ጎንበስ ብሎ በስክሪኑ ማዕዘን
አንድ ነገር ፈለገ፤ አጣው።
"ማሳቸው የት ነው?"
"የምን ማሳ?"
"ይኽ ሁሉ ሕዝብ የሚበላው።"
አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው።
አንድ ሰዓት ሙሉ ዓለም ሲጠፋ
አንዲት ዘለላ እህል አልታየችም።

ውሻዋ ከመስኮት ዘላ ጀልባው ላይ ስታርፍ
አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ።
እሱ ብቻ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ
"ተመስገን፣ ውሻዋስ ተረፈች" አለ፤
ምርቃት ይሁን ምጸት አልለየሁትም።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ።
ፊልሙ ውስጥ። ወይም መስሎኝ ነበር።
"ድምፅ ማለት እንዲህ ነው!" አለ አንዱ፤ "ባሕር ዳር እንኳ የለም!"
አጎቴ አንገቱን ቀና አደረገ።
ወደ ስክሪኑ አይደለም፤ ወደ ጣራው።

መብራት ሄደ።
ጀግናው ሄደ፤ ማዕበሉ ሄደ፤
ባለመነጽሩ አፉን እንደ ከፈተ ሄደ።
ዝናቡ አልሄደም።

ያን ጊዜ ነው በጨለማው ወንበር ሲንኳኳ የሰማሁት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ከወዲያኛው ጥግ ሌላ።
ተማሪዎቹ "መብራት!" እያሉ ይጮኻሉ፤
የተነሡት አይጮኹም። የታጨደ ያላቸው ናቸው።
"አልከመርሁትም" አለ አጎቴ፣ ለኔ አይደለም፤
"ዛሬ ልከምረው ነበር። የዕዳው ቀን ሆነና።"

ሙሉሸዋ በስልኳ ብርሃን ዱላውን ፈልጋ ሰጠችው፤
"ትኬቱን አትጣሉ፤ የቀረውን ግማሽ ነገ ታያላችሁ።"
አጣጥፎ ከዕዳው ወረቀት ጋር ኪሱ ከተተ።
ከክፈፉ ሥር መዳፉን ዘረጋ፤
ጠብታውን እንደ ፍሬ በጣቱ አሸው፤
"እየቀጠነ ነው። ወፍራሙ ያልፋል፤
የሚያከስረው ቀጭኑ ነው።"
በእግሬ ልሂድ አለ፤ ያዝሁት።
ጫማውን ሳያወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።
ጤፉ ነዶው ላይ እንዳለ መብቀል ጀምሯል፤
"አረንጓዴ ሆኗል። ከሩቅ ለሚያይ ያምራል።"
ስለ ላሟ አወራን፤ ስለ ጸሐፊው።
ልዘጋ ስል፦ "ያ ፊልም እንዴት ሆነ?"
ትናንት ማታ ብቻዬን ሄጄ አይቼዋለሁ።
"ፀሐይ ወጣች" አልሁት። "ተቃቅፈው ቆመው፣ ፀሐይ ወጣች።"
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ዝናብ ይሰማኛል፣
ወይም ኔትወርኩ ነው።
"እኮ" አለ፣ "በየት በኩል?"